ሰሙ በእጅ፣ ወርቁ በፊት

ዛሬ ማታ እህቴ ለአንድ ቃል ብላ አንድ ሰዓት ሙሉ አስቀመጠችኝ።

ታናሽ እህቴ መስማት የተሳናት ናት። ቅዳሜ በጓደኛዋ ሰርግ ላይ የትዝታ ዜማ በምልክት ቋንቋ ታቀርባለች። ግጥሙን የጻፍኩላት እኔ ነኝ። «ባንቺ ሳሳሁ» የሚለው ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«ከሳሁ ነው ወይስ ሰሰትኩልሽ?» አለችኝ በምልክት።

ሁለቱም ነው አልኳት። ለጆሮ ቀላል ነው። ቃሉ አንዴ ይባላል፣ ሰሙና ወርቁ አብረው ይገባሉ። በእጅ ግን መክሳት ሌላ ምልክት፣ ስስት ሌላ ምልክት ነው። «በቃ ወርቁን ብቻ አድርጊው» አልኳት። እምቢ አለች።

መስታወት ፊት ቆማ ደጋግማ ሞከረች። በመጨረሻ እጆቿ በጉንጮቿ ላይ ቁልቁል ወርደው መክሳትን አሳዩ። ዓይኖቿ ግን የተኛ ሕፃን እንደሚያይ ሰው ሳሱ። ሰሙን በእጇ፣ ወርቁን በፊቷ ያዘችው፤ ሁለቱንም እኩል! በምልክት ቋንቋ ፊት ማጀቢያ አይደለም። ጥያቄ እንኳን የሚለየው በቅንድብ ነው። ይህን ሁሌም አውቃለሁ፤ ለቅኔ እንደሚሆን ግን ዛሬ ገና አየሁ። እንባዬ መጣ።

ምቱን ከየት ታገኘዋለች የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ከበሮ ሲመታ ንዝረቱ እንዲሰማት መዳፏን ጎኑ ላይ ታሳርፋለች። ቤት ውስጥ ስፒከሩን ጣውላው ወለል ላይ ደፍተን በባዶ እግሯ ትቆማለች። በልጅነቷ የመስማት ችሎታዋን ያጣችው ስኮትላንዳዊቷ የምት መሣሪያ ተጫዋች ኤቭሊን ግሌኒም ጫማዋን አውልቃ ነው የምትጫወተው። እስክስታማ ለእህቴ ማንም አይነግራትም።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። አንዴ ኮንሰርት ወሰድኳት። አስተርጓሚው መብራት የማይደርስበት ጥግ ላይ ተደርጓል። እጅ ጨለማ ውስጥ አይነበብም። እኩል ከፍለን ገብተን እሷ ግማሹን እንኳ ሳታይ ወጣች። እ.ኤ.አ. በ2020 መስማት የተሳናት አርቲስት ክሪስቲን ሰን ኪም በአሜሪካ ፉትቦል የፍጻሜ ግጥሚያ፣ በሱፐር ቦውል ላይ ብሔራዊ መዝሙሩን በምልክት ስታቀርብ፣ ቴሌቪዥኑ ያሳያት ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነበር። ማዘኗን በጋዜጣ ጽፋለች። ድምፅ ተዘግቶባችሁ ዘፈን «አዳምጡ» ብትባሉ እንዴት ትሆናላችሁ? ለእህቴ ካሜራው ዞር ማለቱ ያ ነው።

ስለዚህ ለቅዳሜ የመጀመሪያው ጉዳዬ መብራት ነው። አምፖሉን ራሴ ይዤ እሄዳለሁ።

ልተኛ ስል ወረቀትና እርሳስ ይዛ መጣች። «ማሲንቆው ብቻውን የሚያለቅስበት ቦታ ምን ይመስላል?» አለች። ዜማውን ከፍቼ እየሰማሁ አንድ ረጅም መስመር ሳልኩላት፤ እየተንቀጠቀጠ የሚወርድ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ቀና የሚል። ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ተከተለችው። ጫፉ ላይ ስትደርስ ከመጀመሪያው ጀመረች።