አንድ ደቂቃ ቀርቶታል

ሽምግልናው ተሳክቷል። ልጅቷ ተሰጥታለች፣ ቀለበቱ ታስሯል፣ ሁሉም ደስ ብሎታል። ሌሊት ጣሪያ ላይ አፍጥጬ የማድረው እኔ ብቻ ነኝ። ዓይኔን ስጨፍን የልጅቷ አባት ድምፅ ይመጣብኛል። "ልጄ፣ ወንዝ ተሻግረህ ነው የመጣኸው?"

ሰውዬው ቢቀልዱ እኮ አብሬ እስቅ ነበር። አልቀለዱም። ቁርጭምጭሚቴን አይተው፣ አዝነው፣ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። እንዲያውም ቀጠል አድርገው "በእናንተ በኩል ዘንቧል እንዴ?" አሉ። ወሩ ታኅሣሥ ነበር።

ይህን ሁሉ ያመጣብኝ ቅጠል ነው። ልብስ ማጠቢያ ማሽናችን ላይ የተሳለች አንዲት ቅጠል።

ሽማግሌ የሆንኩት በዕድሜ አይደለም። ጓደኛዬ ሦስት ሽማግሌ ፈለገ። ሁለቱ አጎቶቹ ናቸው፤ ፂማቸውም ንግግራቸውም የደረሰ። ሦስተኛው የተመረጠው መኪና ስላለው ነው። እኔ ማለት ነው። ዋናው ሽማግሌ ደውለው ሁለት ነገር አዘዙኝ። ነዳጅ እንድሞላና ጂንስ እንዳላደርግ። "በጂንስ ልጅ አይለመንም" አሉኝ።

ጂንስ ማን ፈለገ? ክሬም ከለር ሱሪ ከነኮቱ አለኝ። ቅዳሜ ማታ ሚስቴ "እስቲ ለብሰህ አሳየኝ" አለች። ለበስኩ። አማረብኝ። እያማረብኝ ሳለ እራት ቀረበ። ጾም ነው፤ ክክ አልጫ ነው። የቀረውን ታውቁታላችሁ። ጉልበቴ ላይ ቢጫ ነጥብ አረፈች።

ሳሙና አንስቼ አሸሁት። ቀላ። የእውነቴን ነው፣ ቢጫው ነጥብ ደም መሰለ። እርድ ሳሙና ሲነካው እንደሚቀላ ማን ነግሮኝ? ባሸሁት ቁጥር ደሙ ሰፋ። እንግዲህ ሰው ደብድቦ የመጣ መስዬ የሰው ልጅ ልለምን?

ሌላ ሱሪ የለህም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለኝ። ያሉት ግን ላውንደሪ ነው። ስለ ላውንደሪው ባልናገር ይሻለኛል፤ ግን እናገራለሁ። የሰፈራችን ላውንደሪ ባለቤት ከአፉ "ነገ" የምትል ቃል ብቻ ነው የምትወጣው። ነገ ስሄድ ነገ ይለኛል። ደረሰኝ ሳሳየው እንደ ፎቶ ያየውና ይመልስልኛል። አንድ ቀን ደግሞ ሸሚዜን መንገድ ላይ አገኘሁት፤ ሰው ለብሶታል። ሰውዬው ሰላም አለኝ፣ ሰላም አልኩት። ኪሱ ላይ ያለው የእስክሪብቶ ቀለም የእኔ ነው፤ በመሐላ እመሰክራለሁ። ማሽኑን የገዛነው ከዚያ በኋላ ነው።

ማሽኑ ከአውሮፓ በኮንቴነር የመጣ፣ ያገለገለ ነው። ሻጩ "ከአዲስ ይሻላል" ብሎናል። መዘውሩ ዙሪያውን ሥዕል ነው። የጥጥ አበባ አለ፣ የክር ድውር አለ፣ ላባ አለ፣ ሸሚዝ አለ። ቁጥሮቹም ከ20 ጀምረው እስከ 90 ይወጣሉ። የሚስቴ የሱፍ ሹራብ አንዴ 60 ላይ ታጥቦ ነበር። አሁን የጎረቤት ሕፃን ይለብሰዋል። ያምርበታል።

እሁድ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ማሽኑ ፊት ቆምኩ። ቀጠሮው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ መረመርኩ። ላባው ለትራስ ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ "ኤኮ 40-60" የሚል አየሁ። ከጎኑ ቅጠል አለ።

አሁን እናንተ ፍረዱ። ሰው ቅጠል ሲያይ ምን ያስባል? ቁጠባ። ቁጠባ ደግሞ ማሳጠር ነው። ነዳጅ የሚቆጥብ ሰው አቋራጭ ይፈልጋል፤ ንግግር የሚቆጥብ ሰው ስብሰባ በጊዜ ይጨርሳል። ከዚህ ሌላ ያሰበ ካለ እጁን ያውጣ። ለአንድ ሱሪ ደግሞ ያን ሁሉ ውኃ ማባከን ነውር ስለሆነ የአልጋችንን ጋቢ ጨመርኩበት። ቁልፉን ተጫንኩ። በሩ ቀጭ ብሎ ተቆለፈ። መስኮቱ ላይ 3:28 በራ።

ሰዓት መሰለኝ። በእኛ አቆጣጠር ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቷል ብዬ አዘንኩለት። ጥቂት ቆይቶ 3:27 አለ። ወደ ኋላ የሚሄድ ሰዓት አይቼ ስለማላውቅ ሚስቴን ጠራኋት። አየችውና "ይኼ የቀረው ጊዜ ነው" አለች። ሦስት ሰዓት ከሃያ ሰባት ደቂቃ! በዚህ ጊዜ እኮ ሰው ሀዋሳ ሊገባ ትንሽ ነው የሚቀረው።

ቢሆንም ሒሳቡን ሠራሁት። ሰባት ሰዓት ተኩል ያልቃል፣ በካውያ አደርቀዋለሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽማግሌ ነኝ። በወረቀት ላይ እንከን የለውም።

ወረቀቱ ላይ ያልነበረው ሮቶው ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ውኃ እንደ ልብ እንዲገባለት ሮቶው ቢያንስ አምስት ሜትር ከበላዩ ቢሆን ይወዳል። የእኛ ሮቶ ጣሪያችን ላይ ተቀምጦ ቁልቁል ያየናል። ከማሽኑ በላይ ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ ውኃው እንደ ጸበል ጠብ ጠብ እያለ ይገባል፤ ሰዓቱ ደግሞ ቆሞ ይጠብቀዋል። ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ሰባት ሰዓት ላይ መጣ። ማሽኑ ካቆመበት ቀጠለ። ለዚህ አመስግኜዋለሁ፤ የዚያን ቀን ያመሰገንኩት ለዚህ ብቻ ነው።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ 0:01 አለ።

አንድ ደቂቃ። ካውያውን ሰካሁት። ፎጣ ዘርግቼ ማሽኑ በር ላይ ተንበረከክኩ።

ስለዚህች ደቂቃ ብዙ መናገር እፈልጋለሁ። ሚስቴ ቡና ልታፈላ ስትቀመጥ 0:01 ነበር። ቡናው ታጠበ፣ ተቆላ፣ ጭሱ ዞረ፣ ተወቀጠ። 0:01። አቦሉ ቀረበ። 0:01። ጎረቤት መጣች፣ የዘይት ዋጋ ተነሣ፣ የቤት ኪራይ ተነሣ፣ የሁለት ሰዎች ፍቺ ተተነተነ። ቶናው ተጠጣ። 0:01። አዳም እንኳ 5500 ዘመን ሲጠብቅ ቁጥሩ እየቀነሰለት ነበር።

ማሽኑ ግን ሥራ አልፈታም። ከበሮው ቀስ ብሎ ይዞራል። ፈጠን ይላል። ጓ! ጓ! ጓ! ብሎ ግድግዳውን ይደበድባል። ይቆማል። ያስባል። ከዚያ በግራ በኩል ይጀምራል። ጋቢው ውኃውን ሁሉ ጠጥቶ በአንድ ወገን ተድበልብሏል። ጭነቱ ካልተመጣጠነ ማሽን አጥብቆ አይጨምቅም፤ ልብሱን ለመበተን ደጋግሞ ይሞክራል። በሙከራው ሁሉ ሰዓቱን አይነካም። ሱሪዬ በመስታወቱ ብቅ ይልና እግሩን አወናጭፎ ይጠፋል።

ስልክ ጮኸ። ሽማግሌዎቹ ከብሎኩ ሥር መኪናዬ ጋ ቆመዋል። "የት ደረስክ?"

"አንድ ደቂቃ ጋሼ።"

በዚህ አገር "አንድ ደቂቃ" ያለ ሰው ሁሉ ዋሽቷል። እኔ ግን የዚያን ቀን የምለውን በዓይኔ እያየሁት ነበር፤ በመብራት ተጽፏል። እንደገና ደወሉ። "አንድ ደቂቃ ጋሼ።" ሦስተኛ ሲደውሉ ድምፃቸው ተለውጧል። "ልጄ፣ አሁንም አንድ ደቂቃ ካልከኝ ታክሲ ይዤ እሄዳለሁ።"

ሚስቴ "አጥፋውና አውጣው" አለችኝ። ለማለት ቀላል ነው። ከግማሽ ቀን በላይ የጠበቀ ሰው አንድ ደቂቃ ሲቀረው ያጠፋል? ደግሞስ ቢጠፋ በሩ ወዲያው አይከፈትም፤ የሚወጣውም ሱሪ ሳይሆን ኩሬ ነው። በረካው ተቀዳ። 0:01።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ሚስቴ የወንድሟን ሱሪ ይዛ መጣች። ወንድሟ ቁመቱ ወደ ጎን የሄደ ልጅ ነው። የሱሪው ወገብ እኔን ሁለት ጊዜ ይይዛል፤ እግሩ ግን ግማሼን ብቻ ነው የሚሸፍነው። በቀበቶ ሰብስቤ ታጠቅኩት። ካልሲዬ ነጭ ነው፣ የስፖርት። ሌላውን ካልሲ አትጠይቁኝ፤ ጋቢው ውስጥ ነው።

ሽማግሌ ደግሞ እንደምታውቁት ደርሶ አይቀመጥም። "ተቀመጡ" ሲባል "የመጣንበት አለ፣ ቆመን እንናገራለን" ይላል። ይህን ሥርዓት ያወጣው ሰው ሱሪው ልኩ ነበር ማለት ነው። ሳሎኑ መሐል ቆምን። ዋናው ሽማግሌ ከሩቅ ተነሥተው፣ አገር አቋርጠው፣ ዘር ቆጥረው ልመናውን አደረሱ። የልጅቷ አባት በትዕግሥት ያዳምጣሉ። ዓይናቸው ግን ከእኔ ካልሲ አልተነሣም።

በመጨረሻ "ተቀመጡ" ተባለ። ሶፋው ዝቅ ያለ ነው። ስቀመጥ ሱሪው ወደ ጉልበቴ ጉዞ ጀመረ። በሁለት እጄ ወደ ታች ጎተትኩት፤ ወገቡ ተከተለው። ተውኩት። ጥያቄው የመጣው ያኔ ነው፤ ወንዙም ዝናቡም።

ዋናው ሽማግሌ ሊያድኑኝ ብለው "ኧረ ማሽን ይዞበት ነው" አሉ።

"ማሽን!" አባትየው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "እግሩን ነው? የወፍጮ ነው?"

ከጓዳ "እኔን! እኔን!" የሚል ድምፅ መጣ። እናትየው ወጡ። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ እግሬን ሊያይ ከበበኝ። "ሱሪውን ነው" ብለው ዋናው ሽማግሌ ቢያስረዱም የሰማ የለም። አንዲት አክስት ቁርጭምጭሚቴን ይዛ "አላበጠም፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለች። ልጅቷን የሰጡን በዚያ ድንጋጤ ይመስለኛል፤ በዋናው ሽማግሌ ንግግር ነው የሚሉም አሉ።

ማታ ቤት ስገባ ማሽኑ ጨርሶ ዝም ብሏል። እልህ ያዘኝና የኤኮን ነገር በስልኬ ሳነብ አመሸሁ። ነገሩ ጭራሽ አናደደኝ። "40-60" ማለት ውኃው ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ይሞቃል ማለት አይደለም። በ40 የሚታጠበውንና በ60 የሚታጠበውን የጥጥ ልብስ ቀላቅለህ ማጠብ ትችላለህ ማለት ነው። ውኃው ከ40 በታችም ሊሆን ይችላል። ማሽን ከሚበላው መብራት አብዛኛው የሚሄደው ውኃ ለማሞቅ ነው። ስለዚህ ብልኃተኞቹ ውኃውን ብዙ ሳያሞቁ ልብሱን ለሰዓታት ማገላበጥ ያዋጣል ብለው ወሰኑ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2021 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ በሕግ አስገብቶታል። መብራት ተቆጠበ፤ የእኔ እሁድ ግን በማንም ሒሳብ ውስጥ የለችም። ቅጠል ከመሳል ቀንድ አውጣ ቢስሉ ምን ነበረበት?

ከቅጠሏ ቀጥሎ ያለው ደግሞ የ15 ደቂቃ ነው። ለአንድ ሁለት ልብስ፣ ብዙም ላልቆሸሸ። ሥዕሉ ሰዓት ነው። ማሽኑ ሰዓት የሚሞላበት ይሆናል ብዬ ነው ያልነካሁት፤ ማንም እንደዚያ ያስባል። አሁን ሚስቴ በወረቀት ጽፋ ለጥፋበታለች። አንሶላና ፎጣ 60፣ ሱፍ 30፣ ጋቢ ለብቻው። ከሥር ደግሞ በቀይ "ቅጠሏን እንዳትነካ" ይላል። እንግዳ ሲመጣ ያንን ያነባል፣ ከዚያ ታሪኩ ይነገረዋል፣ ከዚያ ሁሉም እግሬን ያያል።

ያን ሁሉ ሰዓት የታጠበው ሱሪስ? እድፉ እዚያው ነው። ትንሽ ደብዘዝ ብሎ ወደ ቢጫነቱ ተመልሷል። ሰኞ ጠዋት በረንዳ ላይ ሳሰጣው የታችኛው ፎቅ እማማ ቀና ብለው አዩና "እርድ ነው አይደል? እሱን ፀሐይ ይበላዋል፣ ገልብጠህ ስቀለው" አሉኝ። ገልብጬ ሰቀልኩት። አመሻሹ ላይ ነጥቧ የለችም። ያለ ቁልፍ፣ ያለ ሮቶ።

እሱን እያየሁ ስናደድ ስልኬ ጮኸ። ላውንደሪው ነው። ራሱ ደውሎ አያውቅም።

"ሱሪዎችህ ደርሰዋል" አለኝ።

"አሁን ልምጣ?"

"አይ፣ ነገ ና።"