ኤችአይቪ በያዘው ሕዋስ ውስጥ ጂን መለካት፦ የተያዘውን ከጎረቤቱ መለየት

ኤችአይቪ የገባበት የሲዲ4 ሕዋስ (ቫይረሱ የሚያጠቃው ነጭ የደም ሕዋስ) የትኞቹን ጂኖች እንደሚያነቃ፣ የትኞቹን እንደሚያዳክም ለማወቅ የሚሠራ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና ኮምፒዩተሩ ጋ ሳይደርስ ነው። የተያዘውና ያልተያዘው ሕዋስ አንድ ቱቦ ውስጥ ተደባልቆ አርኤንኤው (የነቁት ጂኖች ቅጂ) ከወጣ በኋላ የትኛውም ሶፍትዌር አይለየውም።

ሒሳቡን እንየው። ከ100 ሕዋሳት 5ቱ ብቻ ተይዘዋል እንበል። በ5ቱ ውስጥ አንድ ጂን 4 እጥፍ ቢጨምር ከነሱ 20፣ ከቀሩት 95 እናገኛለን፤ ድምሩ 115። አራት እጥፍ የነበረው ለውጥ 1.15 ሆኖ ቀረ። ይህን ያህል ልዩነትማ በሁለት ጤነኛ ለጋሾች መካከልም አለ። ሕዋሳት ቫይረስ ሲገጥማቸው የሚለቁት የማስጠንቀቂያ ፕሮቲን፣ የኢንተርፌሮን ነገር ደግሞ በተቃራኒው ያሳስታል። በተለይ መድኃኒት ካልጀመረ ሰው በቀጥታ በተወሰደ ደም ውስጥ ኢንተርፌሮን ሁሉንም ሕዋስ ስለሚያነቃ፣ ኤምኤክስ1ና አይኤስጂ15 የተባሉት ጂኖች ቫይረሱ ባልገባባቸውም ይጨምራሉ። ተደባልቆ ሲነበብ የቫይረሱ የራሱ ሥራ ይመስላል።

ስለዚህ ሥራው ከደሙ ይጀምራል። ደሙ መጠነ ክብደቱ 1.077 በሆነ ፊኮል በተባለ ሕዋስ መለያ ፈሳሽ ላይ በቀስታ ተደርቦ በስበት 400 እጥፍ ለ30 ደቂቃ ይሽከረከራል። የማሽኑ ፍሬን መጥፋት አለበት፤ ፍሬን ከያዘ የነጭ ሕዋሳቱ ቀጭን ሽፋን ይናወጥና ይቀላቀላል። ሲዲ4ን ለመለየት ሌሎቹን ሕዋሳት በፀረ እንግዳ አካል ይዞ ማስወገድ ይሻላል፤ የምንፈልገው ሕዋስ ፀረ እንግዳ አካል ሳይነካው ይቀራል። ከዚያ በገጹ ላይ ያሉትን ሲዲ3ና ሲዲ28 በሚነካ ማነቂያ እና ኢንተርሉኪን 2 በተባለ የሕዋስ ማሳደጊያ ፕሮቲን ለ2 ወይም ለ3 ቀን ይነቃቃል። ማንቃቱ ብቻውን በሺዎች የሚቆጠሩ ጂኖችን ይለውጣል። ቫይረስ ያልተጨመረበት ማነጻጸሪያ ከዚያው ለጋሽ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው መንገድ የነቃ ካልሆነ ማነጻጸሪያ አይባልም። ለጋሾቹም ከ3 ያላነሱ ይሁኑ፤ ስሌቱ ደግሞ እያንዳንዱን ለጋሽ ከራሱ ጋር ያወዳድር።

የተያዘውን ለመለየት ፒ24 የተባለውን የቫይረሱን ፕሮቲን ቀለም መቀባት ይቀናናል። ግን ለዚያ ሕዋሱ በፎርማልዲሃይድ ባለበት እንዲጸና መደረግና ሽፋኑ መበሳት አለበት፤ አርኤንኤው በዚያ መሃል ይጎዳል። አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን በተጨመረበት ቫይረስ ይዞ ከ48 ሰዓት ገደማ በኋላ ሕያውን ሕዋስ በመለያ ማሽን መለየት የተሻለ ነው። ሕያው ቫይረስ በጠብታ መልክ አየር ላይ ሊረጭ ስለሚችል ማሽኑ መከላከያ ባለው ክፍል ውስጥ መሆን ይኖርበታል። ጎን ለጎን ኤፋቪሬንዝ የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት የተጨመረበት የሕዋስ ማሳደጊያ ጉድጓድ ይኑር፤ እዚያ ቫይረሱ ይገባል፣ ዲኤንኤ ግን አይሠራም። ራልቴግራቪር የተባለው ሌላ መድኃኒት ባለበት ደግሞ ዲኤንኤው ይሠራል፣ ክሮሞዞም ላይ አይለጠፍም። ለውጡ በየትኛው ደረጃ እንደመጣ የሚነግሩን እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ላሳስብ፦ አረንጓዴ ያልሆነ ሁሉ ያልተያዘ አይደለም። የቫይረሱ ዲኤንኤ ከተለጠፈ በኋላ ወደ አርኤንኤ መነበቡ ትንሽ ሄዶ ይቆማል። ታት የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን፣ ታር የሚባለውን የአርኤንኤ ቋጠሮ ይዞ የሕዋሱን ሁለት ፕሮቲኖች፣ ሲዲኬ9ን እና ሳይክሊን ቲ1ን፣ ሲጎትት ነው ንባቡ እስከ መጨረሻው የሚቀጥለው። ባረፈ ሕዋስ ውስጥ ሳይክሊን ቲ1 ጥቂት ነው፣ ጂን የሚያስነሳው ፕሮቲን ኤንኤፍ ካፓ ቢም ከኒውክለሱ ውጭ ነው። ቫይረሱ ተኝቶ ይቀመጣል፤ ብርሃን የለም፣ ሕዋሱ ግን ተይዟል።

ከማሽኑ የወጣው የአርኤንኤ ቅደም ተከተል ንባብ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ የሰው ጂኖምና የቫይረሱ ቅደም ተከተል አንድ ላይ ይሰጡ። የቫይረሱ ሁለት ጫፎች አንድ ዓይነት ስለሆኑ ብዙ ፕሮግራሞች ከዚያ የመጣውን ንባብ ይጥሉታል፤ አንዱን ጫፍ መሸፈን ይበቃል። ከ100 ንባብ 20ው የቫይረስ ከሆነ ደግሞ የሰው ጂኖች ሁሉ የወረዱ ይመስላሉ፤ ናሙናዎችን ለማወዳደር የሚደረገው ማስተካከያ በሰው ጂኖች ብቻ ይሠራ። የኢትዮጵያን ናሙና የሚያነቡ ሰዎች በተለይ ይጠንቀቁ፦ ብዙ ቤተ ሙከራ የሚጠቀምበት ኤንኤል4-3 የተባለው ቫይረስ የኤችአይቪ ንዑስ ዓይነት ቢ ነው፣ እኛ ዘንድ የበዛው ግን ሲ ነው። ሲ አብዛኛውን ጊዜ 3 የኤንኤፍ ካፓ ቢ መቀመጫ አለው፣ ቢ ደግሞ 2። በቢ ቅደም ተከተል ላይ የተነበበ የሲ ናሙና ንባብ ያጣል።

ውጤቱ ላይ የሕዋስ ክፍፍል ጂኖች ተሰልፈው ቢታዩ መጀመሪያ ቪፒአር የተባለውን የቫይረሱን ፕሮቲን ይጠርጥሩ፤ ሕዋሱን ከመከፈሉ በፊት ባለው ጂ2 በተባለ ደረጃ ላይ ያቆመዋል። ቪፒአር የሌለው ቫይረስ አብሮ ቢሞከር ይለያል። ቪፍ የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ሥራ ግን በአርኤንኤ ልኬት አይያዝም። ቫይረሱን የሚዋጋውን የሕዋሱን አፖቤክ3ጂ የሚያጠፋው ፕሮቲኑን ለሕዋሱ ማፍረሻ በማስረከብ ነው። ኔፍ የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲንም ሲዲ4ን ከሕዋሱ ገጽ ያወርደዋል እንጂ ይህን የሚያደርገው ጂኑን በመዝጋት አይደለም። አርኤንኤው ላይ አፖቤክ3ጂም ሲዲ4ም እንዳሉ ይነበባሉ፤ ለዚህ ከዚያው ጉድጓድ ጥቂት ሕዋስ ለፕሮቲን ልኬት ይቀመጥ።