አምስት ቀን ተኩል

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጾመ ነቢያት በሰላም አደረሳችሁ!

ዛሬ ቅበላ ነው። ኅዳር ሲታጠን ካለፈ ሁለት ቀኑ ቢሆንም መጋረጃው እስካሁን የሰፈሩን ጭስ ይሸታል። ልማዱ የመጣው በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሰው ከፈጀው የኅዳር በሽታ እንደሆነ አያቴ ስትነግረን ነው ያደግነው። ዛሬ ዛሬ ጭሱ ለጤና አይበጅም የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድሮ ቆሻሻ አላቃጠልንም። ጠራርገን፣ ለይተን ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ሰጠን። ቀኑን ግን እወደዋለሁ። ኅዳር 12 ቤት ይጸዳል፣ ኅዳር 15 ጾም ይገባል።

አልጋ ስር ያለውን ካርቶን ሳወጣ የታላቅ እህቴን ነጠላ አገኘሁ። የእናታችን ተዝካር ዕለት ረስታው የሄደችው ነው። ያን ቀን በዕቃ ክፍፍል ተቀያይመን ተለያየን። ከዚያ በኋላ ለበዓል እንኳን አልተደዋወልንም። ነጠላውን ይዤ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ቤቱን ስጠርግ ስወለውል ውዬ፣ ይሄ እዚያው ስር ተቀምጦ ኖሯል።

ትናንት ማታ ደግሞ ከልጄ ጋር ለጾሙ ምስር ስንለቅም ነበር። ስምንት ዓመቷ ነው። ሰፌዱን መሃላችን አድርገን ጠጠሩን አንድ በአንድ እያወጣች፣ "እማዬ፣ ነቢያቱ ለምንድን ነው የጾሙት?" አለችኝ።

"ጌታ እስኪወለድ እየጠበቁ ነዋ።"

"ስንት ቀን ጠበቁ?"

አባቶች እንደሚያስተምሩን እግዚአብሔር ለአዳም "ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ" ብሎ ቃል እንደገባለት ነገርኳት። በጣቷ ቆጠረች። "ሐሙስ ቢነግረው እኮ ማክሰኞ ይደርሳል!" አለች። እሱ ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት መሆኑን፣ አምስት ቀን ተኩል ማለት 5,500 ዓመት ማለት እንደሆነ ስነግራት እጇ ሰፌዱ ላይ ቀረ።

"አዳም ሳይወለድለት ሞተ?"

"አዎ።"

"ኢሳይያስስ?"

"እሱም።"

"ታዲያ ማን ጠበቀላቸው?"

ቶሎ መልስ አልመጣልኝም። ቆይቼ "ልጆቻቸው" አልኳት። ደስ ያላት መሰለኝ፤ ወደ ጠጠሯ ተመለሰች። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ።

እውነት ለመናገር፣ ይህን ጾም ለብዙ ዓመታት የጾምኩት የፍስክ ቀን እየቆጠርኩ ነው። ታኅሣሥ ሲጋመስ የዶሮ ዋጋ መጠየቅ እጀምራለሁ። ቅቤው፣ በጉ፣ የልጆች ልብስ... የነቢያቱ ጾም ግን የናፍቆት ጾም ነው። ኢሳይያስ "ሰማዮችን ቀድደህ ምነው ብትወርድ!" ያለው በጣም የናፈቀ ሰው ስለሆነ ነው። እንዲህ ብሎ የሚጮህ ሰው ስለ ቅቤ ዋጋ የሚያስብበት ጊዜ ያለው አይመስለኝም።

ቤተ ክርስቲያናችንም ከታኅሣሥ 7 ጀምራ ያንን ጩኸት በሦስት ሳምንት ከፍላ ታሰማናለች። በመጀመሪያው፣ ስብከት በሚባለው ሳምንት "እጅህን ከአርያም ላክ" ይባላል። በሁለተኛው፣ በብርሃን "ብርሃንህንና ጽድቅህን ላክ"። በሦስተኛው፣ በኖላዊ ደግሞ እረኛውን "የእስራኤል ጠባቂ ሆይ፣ አድምጥ" ብለን እንጠራዋለን። ሦስቱም ከመዝሙረ ዳዊት ናቸው፤ ሦስቱም ያው አንድ ልመና ናቸው፦ ና!

ዘንድሮ በየሳምንቱ አንዱን ልጄ በእጇ ጽፋ ፍሪጁ ላይ ትለጥፋለች። እራት ላይ ቴሌቪዥን ይዘጋል፣ ስልክም ወደ ጓዳ ይገባል። ጧፍ አብርተን ያቺን ጥቅስ አብረን ካልን በኋላ እንበላለን። ከዚህ በላይ ነገር አላበዛሁም፤ ካበዛሁት በሳምንቱ እንደምንተወው አውቃለሁ። ለሥጋና ለእንቁላል ይወጣ የነበረውን ብር ባለቤቴ ፖስታ ውስጥ ያጠራቅማል። ለማን እንደሚሰጥ ተስማምተናል፤ እሱ በእኛ መሃል ይቅር።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ የእናንተ ጾም ከእኛ እንደሚከብድ ይገባኛል። የፈረንጆቹ ገና የሚደርሰው እናንተ ጾም ላይ እያላችሁ ነው። መሥሪያ ቤት ግብዣ፣ ትምህርት ቤት ኬክ፣ በየመንገዱ መብራት። ልጆቻችሁ "የኛ መቼ ነው?" እያሉ ያደርቋችኋል። ግን ልብ ብላችሁ ከሆነ ያ ቀን የሚውለው በእኛ ዘመነ ብርሃን ውስጥ ነው። መብራቱን አብራችሁ እያያችሁ "ብርሃንህን ላክ" የሚለውን ብታስተምሯቸው፣ ከተማው ሁሉ ሥዕል ይሆንላችኋል።

ስለ ቤተልሔም ሳስብ ሁሌ የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር አለ። ማርያምንና ዮሴፍን የመለሷቸው ሰዎች ክፉ ነበሩ ተብሎ አልተጻፈም። ስፍራ አልነበረም ነው የተባለው። እኔም እህቴን የጠላሁባት ቀን የለም። ልቤ ውስጥ ግን ስፍራ አጥታ ቆይታለች፤ ያንን ስፍራ የያዘው ደግሞ አንድ ቁም ሳጥንና ጥቂት የሸክላ ዕቃ ነው።

ዛሬ ጠዋት ደወልኩላት። ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተነሳ።

"እትዬ፣ እኔ ነኝ" አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ "ደህና ነሽ?" አለችኝ፤ ድምፅዋ እንደ እናታችን ሆኖብኝ አለቀስኩ። ስለ ዕቃው አላነሳንም። ነጠላዋ እኔ ጋ እንዳለ ስነግራት "እኔ እኮ ቤተ ክርስቲያን ጥዬው የመጣሁ መስሎኝ ነበር" አለች።

አጥቤው ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ጥለቱ ገና አልደረቀም። ማታ እናደርስላታለን፤ ልጄ ከአሁኑ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆማለች።

መልካም ጾም ይሁንላችሁ። ለብርሃነ ልደቱ በሰላም ያድርሰን።