ባንዲኒና የወደቡ ጥሪ

ከጣና ወደብ ብዙም በማይርቀው የባሕር ዳር ቤታችን እናቴ የሕንድ ፊልም ስታይ፣ ቋንቋውን ባታውቀውም ከተዋንያኑ ፊት ሁሉን ታነባለች። ባለፈው ሳምንት ቢማል ሮይ እ.ኤ.አ. በ1963 ያዘጋጀውን «ባንዲኒ» አብረን አየን።

ታሪኩ የተወሰደው ጃራሳንዳ በሚል የብዕር ስም ይጽፍ ከነበረ የወህኒ ቤት ኃላፊ የቤንጋሊ ልቦለድ ሲሆን፣ ካልያኒ የተባለች እስረኛ የሰው ነፍስ ለማጥፋት እንዴት እንደበቃች ቀስ በቀስ ይገልጣል። ከሁሉ የሚበልጥብኝ የመርዙ ትዕይንት ነው። ካልያኒን የምትጫወተው ኑታን አንዲት ቃል ሳትናገር፣ የብየዳ ብልጭታ በፊቷ ላይ እየበራና እየጠፋ፣ የመዶሻ ድምፅም ሳያቋርጥ እያስተጋባ፣ ውሳኔዋ በውስጧ ሲወለድ በዓይናችን እናያለን። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ወይኔ ልጄ፣ ተይ!» አለቻት።

ዳርሜንድራ የሚጫወተው ወጣት ሐኪም ደግ ሰው ነው፤ ሊያገባትም ይፈልጋል። ካልያኒ ግን ወደ እርሱ ስትጓዝ፣ የቀድሞ ፍቅረኛዋን ቢካሽን በሳንባ ነቀርሳ ተይዞ ከወንዝ ወደብ ታገኘዋለች። የፊልሙ ሙዚቃ ደራሲ ሳቺን ዴቭ በርማን በራሱ ድምፅ ያዜመው የቀዛፊ ዘፈን እየተሰማ፣ ቢካሽ የተሳፈረበት መርከብ ሊነሣ ሲል ሮጣ ትሳፈራለች። እኛም የዘጌን ጀልባ ሲነሣ እያየን ያደግን ነንና፣ ያ ሩጫ ልቤን ይነካዋል።

ሐኪሙን ብትመርጥ ይሻላት ነበር ብዬ ተከራከርሁ። እናቴ ዓይኗን እየጠረገች «ያኛው እኮ የታመመ ነው» አለችኝ።