ከእሳት ማጥፊያው በፊት በሩን፦ በሰሜን ሸዋ አንድ ጤና ተቋም ውስጥ የሠራነው

የእሳት መከላከል ሥራ ሲነሣ ብዙ ኃላፊ ቀድሞ የሚያዝዘው ቀዩን ሲሊንደር ነው። እኔ በጀቱን የደለደልኩት ገልብጬ ነው፤ መጀመሪያ በርና ቁልፍ፣ ቀጥሎ ኮርኒስ፣ ከዚያ የመብራት መስመር፣ ማጥፊያው ከኋላ። ሱቅ ወይም ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው «እሳት!» ሲባል ሮጦ ይወጣል። በቀዶ ሕክምና ወልዳ ግሉኮስ የተተከለላት እናት ግን አትሮጥም፤ ሰው ነው የሚያወጣት። ሰው እስኪደርስላት ጭሱን አግዶ የሚያቆየው ሕንፃው ራሱ ነው።

በሮችን መፈተሽ ያለብን በሌሊት ነው። ቀን ወለል ብሎ የሚውለው የጓሮ በር ማታ ጓጉንቸር ይንጠለጠልበታል፤ ቁልፉ ጥበቃው ኪስ ውስጥ፣ ጥበቃው ደግሞ ዋናው በር ላይ ነው። ሌባ መፍራቱ ተገቢ ነው። መፍትሔው ከውጭ የማይከፈት፣ ከውስጥ ግን ያለ ቁልፍ በአንድ እጅ የሚከፈት መወርወሪያ ነው። ይህን ማንኛውም የብረት በር የሚሠራ ሰው ይሠራዋል። ማጠፊያዎቹን አዙረን በሮቹ ወደ ውጭ እንዲከፈቱ አደረግን። ስፋቱን ለማወቅ ሜትር ከመዘርጋት አልጋውን ራሱን ታካሚ አስተኝቶ መግፋት ይሻላል፤ አልጋ የማያሳልፍ በር ለተኝቶ ታካሚ መውጫ አይባልም። የመስኮት ፍርግርግም በየክፍሉ ቢያንስ አንዱ ተከፋች ቢሆን ጥሩ ነው።

ኮርኒሱ ማንም የማያየው ጉድ ነው። በእኛ አካባቢ ያሉ ብዙ ሕንፃዎች የክፍል ግድግዳቸው ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ባዶ ቦታ ነው። መጋዘን ውስጥ የተነሣ ጭስ በዚያ በኩል ሄዶ ማዋለጃ ክፍል ይወርዳል፤ በሩ ተዘግቶ እንኳ። ስለዚህ ሁሉንም ግድግዳ ሳይሆን ሕንፃውን ለሁለት የሚከፍለውን አንዱን መርጠን በብሎኬት እስከ ቆርቆሮው አደረስነው፤ በመተላለፊያው ላይ ራሱ የሚዘጋ በር ገጠምንበት። የሽቦና የቧንቧ ቀዳዳዎችን በሲሚንቶ ልስን ደፈንን። ባለሙያው ፎም ልንፋበት ካለ እንቢ በሉ፤ ተራው ፎም ራሱ ይነድዳል። ይህ ግድግዳ ካለ ታካሚን ብርድ ላይ ግቢ ማውጣት የመጨረሻው አማራጭ ይሆናል። መጀመሪያ በዚያው ፎቅ ወደ ማዶኛው ክፍል ማሻገር ነው፤ ደረጃ የለው፣ ሊፍት የለው።

መብራት ላይ ሲደረስ ጠላቱ ብርዱ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ተረኛው ምድጃ ይሰካል፣ አስታማሚ ከሰል ያያይዛል። 2,000 ዋት ምድጃ በ220 ቮልት 9 አምፔር ይስባል፤ ሁለቱ በአንድ ማከፋፈያ ሲሰኩ 18 አምፔር ይሆናል። 16 አምፔር ብሬከር (ጭነት ሲበዛ መስመሩን ራሱ የሚቆርጠው) መውደቁ ሥራውን መሥራቱ ነው። ችግሩ «ብሬከሩ አስቸገረ» ተብሎ በ32 ሲቀየር ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚግለው ሽቦው ነው፣ ያውም ኮርኒስ ውስጥ። በየመብራት ቦርዱ ሽፋን ላይ የእያንዳንዱን መስመር የሽቦ ውፍረትና የሚፈቀደውን ብሬከር ጻፍን፦ ለመብራት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ በ10 አምፔር፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ በ16። የላላ ብሎንም እንደ ጭነት ያግላል፤ መብራቱ ጠፍቶ በዓመት ሁለቴ ይጠበቅ። ክልከላ ብቻውን ግን አይሠራም። ለተረኞች ክፍል የራሱ መስመር ያለው ዘይት ያዥ ማሞቂያ ካልተሰጠ ምድጃው ተመልሶ አልጋ ሥር ይገባል። ለአስታማሚዎችም ከሕንፃው ራቅ ያለ የማብሰያ ዳስ ያስፈልጋል፤ ከሰል ቤት ውስጥ ከእሳቱ ይልቅ በማይታየው መርዛማ ጋዙ ይገድላል። በዚህ ከፍታ ጄኔሬተርም የስም ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ኃይል አይሰጥም፤ አየሩ ሳስቷልና። ጭነቱ በዚያው ልክ ይቀነስ። ጭስ ጠቋሚም ሲገዛ በብርሃን የሚሠራው ይመረጥ፤ አዮን የሚጠቀመው ዓይነት የአየር ግፊት ሲቀንስ በከንቱ ይጮኻል።

ኦክስጅን ራሱ አይነድድም፣ ሌላውን ግን ያነድዳል። በአየር ውስጥ ያለው 21 በመቶ ነው፤ ከ23 አልፎ ሲሄድ ጋቢና ብርድ ልብስ እንደ ነዳጅ ይይዛሉ። ስለዚህ ታካሚው ጭንብሉን ሲያወልቅ ይዘጋ፣ አልጋ ላይ ተከፍቶ አይተው። ሬጉሌተሩን በቫዝሊን ወይም በዘይት ማለስለስ ፈጽሞ አይቻልም፤ ቫልቩም ቀስ ተብሎ ይከፈት። ሙሉውና ባዶው ሲሊንደር ተለይቶ፣ ቆሞ፣ በሰንሰለት ይታሰር። እሳት ሲነሣ የክፍሉን ኦክስጅን የሚዘጋው ማን እንደሆነ በስም ሳይሆን በሥራ መደብ ይጻፍ፤ ተረኛ ነርሷ ናት፣ በኦክስጅን ለሚተነፍሰው ታካሚ ትንሹን ሲሊንደር ካያያዘች በኋላ።

አሁን ወደ ማጥፊያው። ለመተላለፊያና ለክፍሎች 6 ኪሎ ኤ ቢ ሲ ዱቄት (ለጠጣር፣ ለፈሳሽና ለጋዝ እሳት የሚሆነው)፣ ለቦርድና ለላቦራቶሪ መሣሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ከየትም ቢነሡ ከ23 ሜትር በላይ ሳይሄዱ የሚገኝ፣ እጀታው ከ1.5 ሜትር ከፍ የማይል መሆን አለበት። 6 ኪሎው የሚረጨው ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከበር ቆሞ ጭሱን መርጨት ኪሳራ ነው፣ የእሳቱ ሥር ነው የሚመታው። በየወሩ ፒኑ፣ ማኅተሙ፣ ቱቦውና የግፊት መለኪያው መርፌ ይታያል። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መርፌ ስለሌለው ይመዘናል፤ ከጋዙ 10 በመቶ ከጎደለ ይሞላ። ጋዙ የሚወጣበትን ቀንድ ሲረጩ በባዶ እጅ መያዝ ከቅዝቃዜው የተነሣ ቆዳ ይልጣል። ለሙሌት ሲላክ በየተራ ይላክ፣ ሁሉም አንድ ቀን ከሄደ ሕንፃው ባዶ ይቀራል። ከመላክም በፊት ሠራተኛው ሜዳ ላይ ይለማመድበት፤ የሚራገፍ ዱቄት ነው። ሲመለስም ይመዘን፤ ሳይሞላ ታጥቦና ተለጥፎ የሚመጣ አለና።

ውኃ ላይ ሁለት ነገር። ሮቶው ውስጥ ለእሳት የሚቀመጠውን መጠን በማስታወቂያ ማስከበር አይቻልም፤ የቤት መስመሩን መውጫ ከታንከሩ ወገብ ላይ፣ የእሳቱን ከሥር ማድረግ ነው። በደቂቃ 30 ሊትር ለሚረጭ ቱቦ 2,000 ሊትር ከአንድ ሰዓት በላይ ይበቃል። ሁለተኛ፣ 6 ሜትር ማማ 0.6 ባር ብቻ ስለሚሰጥ ፓምፕ ግድ ነው። የፓምፑ የኤሌክትሪክ መስመር ደግሞ ከዋናው የመብራት ማጥፊያ በፊት ይነሣ፤ እሳት ሲታይ ሰው መጀመሪያ የሚያወርደው ዋናውን ነው፣ ፓምፑም አብሮ ይጠፋል።

ልምምዱን በማታ ተረኞች አድርጉት፤ ቀን ሰው ሞልቶ ማንም ይሳካለታል። አንድ ሠራተኛ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ሁለት ሰው በብርድ ልብስ መሬት ለመሬት ጎትተው ያሻግሩት። እሳቱ ያለበት ክፍል ታካሚ ይቀድማል፤ በሩ ይዘጋል፤ ቀጥሎ መራመድ የሚችሉት፣ ከዚያ የሚጎተቱት። በተረኛ ርክክብ መዝገብ ላይ አንድ መስመር ጨምረናል፦ «የጓሮ በር ከውስጥ ተከፍቶ ታይቷል»። ተረካቢው በእጁ ከፍቶ ሳያይ አይፈርምም።