ምሕረትና ይቅርታ

ከሥራ ስመለስ በጆርጂያ ጎዳና፣ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልፋለሁ። ስሙ የተወሰደው ከአንድ ነጭ የጦር መኮንን፣ ከጄኔራል ኦሊቨር ሃዋርድ መሆኑን ሳላውቅ ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ኖሬአለሁ። ሰሞኑን ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ስለሆነው ሳነብ፣ ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1865 በደቡብ ካሮላይና ወዳለው ኤዲስቶ ደሴት ይዞት የሄደውን መልእክት አገኘሁ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ በር ሳልፍ ልቤ ይከብዳል።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ የሰሜኑ ጦር ጄኔራል ሸርማን ከደቡብ ካሮላይና እስከ ፍሎሪዳ ያለው የባሕር ዳርቻ መሬት፣ ከባርነት ነጻ ለወጡ ቤተሰቦች ለእያንዳንዳቸው እስከ 40 ኤከር እንዲታደል አዝዞ ነበር። ሰዎቹም ገብተው አረሱ። ሚያዝያ ላይ ፕሬዝዳንት ሊንከን ተገደለና ምክትሉ አንድሩ ጆንሰን ሥልጣኑን ያዘ። ኮንግረስ እስከ ታኅሣሥ ስለማይሰበሰብ ያመፀውን ደቡብ መልሶ የመገንባቱን ሥራ ያለ ሕግ አውጪዎቹ ጀመረ፤ በግንቦት ባወጣው አዋጅም ለአብዛኞቹ አማፅያን ምሕረት ሰጠ፣ ምሕረት ያገኘ ሰው ከባሪያ በቀር ንብረቱ እንዲመለስለት ፈቀደ። የኤዲስቶ ማሳ ወደ ቀድሞ ጌቶች የዞረው በዚህ መንገድ ነው። ነጻ የወጡትን የሚረዳው ቢሮ ኃላፊ የነበረው ሃዋርድ፣ በቤተ ክርስቲያን ለተሰበሰበው ሕዝብ ይህንኑ እንዲነግር ተላከ።

ኮንግረስ ሲሰበሰብ የደቡብን ተመራጮች አልቀበልም አለ። ጆንሰን የቢሮውን ዕድሜ የሚያራዝመውንም የዜጎችን መብት የሚያስከብረውንም ሕግ አልፈርምም ብሎ ሲመልስ፣ ምክር ቤቶቹ ሁለተኛውን በሚያዝያ 1866 በሁለት ሦስተኛ ድምፅ አጸደቁት፤ በዓመቱም ከቴኔሲ በቀር ያመፁትን ግዛቶች በአምስት የጦር ቀጠና ከፍለው ጥቁር ወንዶች እንዲመርጡ ደነገጉ። በ1868 ፕሬዝዳንቱ የጦር ሚኒስትሩን ስታንተንን ሲሽር የተወካዮች ምክር ቤት ከሰሰው፤ ሴኔቱ 35 ለ19 ድምፅ ሰጠ፤ ለመሻር ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ስለነበር ጆንሰን በአንድ ድምፅ ከመሻር ተረፈ።

አሥራ አንዱን የክስ አንቀጾች ደጋግሜ አነበብኋቸው። አብዛኞቹ በስታንተን መሻር ዙሪያ የተጻፉ ናቸው፤ ስለ መሬቱ የሚናገር አንድም የለም። ሕግ አውጪዎቹ በብዙ ነገር ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ግን አዝንባቸዋለሁ። ከመካከላቸው ታዴየስ ስቲቨንስ የትልልቅ ባላባቶች መሬት ተወርሶ ለነጻ ወጪዎቹ በ40 ኤከር ይከፋፈል ብሎ አጥብቆ ቢከራከርም የገዛ ፓርቲው አልተከተለውም። አያቴ ጭሰኛ ነበሩ፤ ያረሱትን ለባለ መሬቱ ከፍለው የሚተርፋቸውን እየሰማሁ ስላደግሁ፣ መሬት የሌለው ነጻነት ምን ያህል እንደሚያንስ መጽሐፍ እስኪነግረኝ አልጠበቅሁም።

በእኛ ቋንቋ ምሕረት የባለ ሥልጣን ነው፤ ይቅርታ ግን የተበደለው ሰው ነው። ጆንሰን የሰጠው ምሕረት ነበር። ይቅርታውን የተጠየቁት የኤዲስቶ ሰዎች ናቸው፤ ሃዋርድ ባለ መሬቶቹን ይቅር እንዲሏቸው ለምኗቸው ነበር። እነርሱም በኮሚቴያቸው አማካይነት መልስ ጻፉለት፤ ከዛፍ ጋር አስሮ 39 ጊዜ የገረፈኝን፣ እናቴንና እህቴን የገረፈውን፣ አሁንም መሬት እንዳላገኝ የሚከለክለኝን ሰው ይቅር ማለት እንደማይቻለኝ አንተም ታያለህ የሚል ቃል አለበት።