አይዴ ጫምባላላ! እጃችሁን ይዛችሁ ኑ

አይዴ ጫምባላላ! እንኳን ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፍቼ ጫምባላላ በሰላም አደረሳችሁ፣ አደረሰን።

ከሐዋሳ ነው የምጽፍላችሁ። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ሥራዬ የሠርግ ዲጄነት ነው። ከጥር ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የሚመላለስ ነገር አለ። ለበዓል ካልነገርኳችሁ መቼ ልነግራችሁ?

ጥር ላይ አረብ ሰፈር አካባቢ አንድ ሠርግ ነበረኝ። ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጉራግኛውን ጨርሼ ወደ ወላይትኛው ልሻገር ስል መብራት ድርግም አለ። ጄኔሬተሩም አልነሳ አለን። ያ ሁሉ ሰው ጨለማ ውስጥ ቆሞ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ ከጓዳ በኩል አንዲት እናት ከበሮ ይዘው ብቅ አሉ። ቀስ ብለው መታ መታ አደረጉና አወጡ። ሴቶቹ ተቀበሉ። ከዚያ ወንዶቹም፣ ልጆቹም። በስልክ መብራት የሚታየኝ እጅ ብቻ ነበር። ሁሉም ያጨበጭባል። ቅድም በእኔ ስፒከር ድንኳኑ ሲናወጥ ግን አብዛኛው ሰው በእጁ የያዘው ስልኩን ነበር፤ ይቀርጻል። መብራት ሲመጣ ሙዚቃ አልከፈትኩም። ዘፈናቸው እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅኩ።

ከዚያ ወዲህ የድሮ ዘፈን ስሰማ ጆሮዬ ጭብጨባውን ይፈልጋል።

እነጥላሁን ገሠሠና ብዙነሽ በቀለ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሲዘፍኑ ከኋላቸው የሚነፋው ትራምፔትና ሳክስፎን ብዙ ነበር። ያን ሁሉ የሚነፋ ሰው ደመወዝ የሚከፍለው ጦሩ ነው። ቀጥሎ የመጣው የሆቴል ባንድ ቁጥሩ ያነሰ ነው፤ ድራም፣ ቤዝ ጊታር፣ ኦርጋን፣ ጥቂት ነፋሾች። ዘፈኑም አጭር ነበር። የዚያን ጊዜዋ ትንሿ ሸክላ በአንድ ገጽ የምትይዘው ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ነው። ካሴት ሲመጣ አንዱ ገጽ 30 ወይም 45 ደቂቃ ያዘና ዘፋኙ መተንፈሻ አገኘ።

በደርግ ጊዜ ደግሞ ሰዓት እላፊ ነበር። ጭፈራ ቤት ያመሸ ሰው ሳይነጋ ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም። ስለዚህ በሩ ይዘጋል፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ዋልያስን የመሰሉ ባንዶች ያደጉት በእንዲህ ዓይነት ሌሊት ነው። ዘመኑ ክፉ ነበር፤ ማንም እንዲመለስ አይመኘውም። ግን ሌሊቱን ሙሉ ከአንድ ሕዝብ ጋር የተዘጋበት ባንድ የጨፋሪውን እግር እያየ እንደሚጫወት እኔ ከሥራዬ አውቀዋለሁ።

ከዚያ ኪቦርድ ነገሠ። ድራሙም፣ ቤዙም፣ ነፋሾቹም አንድ ሳጥን ውስጥ ገቡ። ጭብጨባው ሳይቀር። አንዷን ቁልፍ ስትጫኗት የብዙ ሰው እጅ ሆና ትጮሃለች። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው ናት፤ አትፈጥንም፣ አትዘገይም። የሰው እጅ ግን ዘፈኑ ሲጥመው ሳያውቀው ይፈጥናል። ችክችካ ላይ ሰው ትከሻውን የሚለቀው እዚያች ቦታ ላይ ነው። ስፒከሩ ሲያጨበጭብልን እኛ እጃችንን ሰበሰብን።

ኪቦርድን ግን አልወቅስም። ባንድ የሚቀጥርበት ገንዘብ ያልነበረው ስንት የሲዳማና የወላይታ ልጅ በአንድ ኪቦርድ ዘፈኑን ለሰው አድርሷል። ዛሬ ደግሞ ወጣቶቹ ከአማፒያኖ ጋር የተቀላቀለ ነገር አምጣልን ይሉኛል። ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ያ ረጋ ያለ ምት እኔንም ደስ ይለኛል።

ፍቼ ሲመጣ ግን በዓሉ ወደሚከበርበት አደባባይ፣ ጉዱማሌ መሄድ አለብኝ። አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ ሽማግሌዎች ከዋክብት አይተው ቀኑን ይነግራሉ፤ ሕዝቡ ከየአካባቢው የበዓሉን ጭፈራ፣ ቄጣላውን እየተጫወተ ይመጣል። አንዱ ያወጣል፣ ሰልፉ ይቀበላል፣ እግር መሬት ይመታል። ዩኔስኮ ፍቼ ጫምባላላን በ2008 ዓ.ም. የማይዳሰስ የዓለም ቅርስ አድርጎ ሲመዘግበው ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ በላይ ደስ የሚለኝ ግን የቄጣላው ድምፅ ከሩቅ ሲሰማኝ ነው። አቧራውን ከማየቴ በፊት እግሩ ይሰማኛል። መብራት ቢጠፋ ባይጠፋ ማንም ልብ አይለውም።

ዘንድሮ የበዓሉን የቆጮና የቅቤ ምግብ፣ ቡርሳሜውን በልታችሁ ስትነሱ ወደ ጉዱማሌ ኑ። ስልካችሁን ለአንድ ዘፈን ያህል ኪሳችሁ ክተቱት። ሠርግ ያላችሁም ከአሁኑ ልንገራችሁ፦ ሌሊት ላይ ጭፈራው ሲደራ ለአንድ ዘፈን ስፒከሩን እዘጋዋለሁ፤ እንዳትደነግጡ። ከበሮ ገዝቻለሁ፤ መኪናዬ ውስጥ ነው።

መልካም ፍቼ ጫምባላላ፣ ወዳጆቼ።